ፎቶው ሲጨልም ያልጨለመው ዓይን

የልጅ ልጆቼ «እማማ፣ ያንን የካሜራውን ነገር ተናገሪው፣ ሰው ይስማው» ካሉኝ ሰነበቱ። እኔ ደግሞ ትምህርት ቤት ደጃፍ የደረስኩት ልጆች ለማድረስ ብቻ ነው። ፊደሉን በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ለይቻለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አትጠይቁኝ። እንግዲህ እንደሚመጣልኝ ልናገር።

ነገሩ የሆነው የዛሬ ስምንት ዓመት ነው፤ ገና አልፎ ጥምቀት ሊደርስ ሲል። ብዙ ነገር ይረሳኛል፤ መነጽሬን የት እንዳስቀመጥኩ፣ ለማን ምን እንዳልኩ። ይኼ ግን አልተረሳኝም። እስከ ዛሬ ሕፃን ፎቶ ሲነሣ ካየሁ ሳላስበው ጎንበስ ብዬ ዓይኑን አያለሁ። ሰው ሳይታዘበኝ አይቀርም።

ሦስት ልጆች አሉኝ። ሦስቱም አዲስ አበባን ዙሪያዋን ይዘው ነው የሚኖሩት። ደረጀ ሰበታ ነው፣ ፋብሪካ ይሠራል። ትዕግሥት ቡራዩ ፎቶ ቤት አላት። የመጨረሻው ሱሉልታ ላም ያረባል። እኔ ደግሞ የአንዳቸውም አይደለሁም፣ የሁሉም ነኝ። አንድ ቤት ሁለት ሳምንት ከተቀመጥኩ እግሬን ይበላኛል። ነጠላዬን ደርቤ፣ ፌስታሌን አንጠልጥዬ ታክሲ ተራ ነኝ። የታክሲ ረዳቶቹ ሁሉ ያውቁኛል። «እማማ፣ ዛሬ ደግሞ ቪዛው ወዴት ነው?» ይሉኛል።

ልጆቼ ሥራ ይዟቸው እርስ በርስ አይጠያየቁም። የአንዱን ወሬ ለሌላው የማደርሰው እኔ ነኝ። የሰበታዋ ልጅ ጥርስ አወጣች፣ የሱሉልታው ላም ወለደች እያልኩ። ትዕግሥት ይኼን አይታ አንድ ቀን ትንሽ ካሜራ ሰጠችኝ። ሰው ሁሉ በስልኩ ማንሣት ሲጀምር ከሥራ የወጣች ዲጂታል ካሜራ ናት፤ ከአንድ ሳሙና አትበልጥም። «ከእንግዲህ ወሬውን በአፍሽ ብቻ አታምጪው እማዬ፣ አንሥተሽ አምጪልን» አለችኝ።

አጠቃቀሙን በምልክት በምልክት አስተማረችኝ። «ፎቶው ከጨለመብሽ ይህቺን ፀሐይ ተጫኚ። ከዚያ መስቀል የምትመስለውን ስትጫኚ ይፈካል፣ ሰረዟን ስትጫኚ ይጨልማል።» የማውቀው ይኼን ነው። ማጥፋት ግን አላስተማረችኝም። በስሕተት የሰው ፎቶ እንዳላጠፋ ብላ ነው።

ምን ልበላችሁ፣ በዚያች ፀሐይ ብዙ ተኩራርቻለሁ። ሱሉልታ ሠርግ ላይ፣ ድንኳን ውስጥ ያነሣኋትን ሙሽራ ፊቷን ከጥላው አውጥቼ ሳሳይ፣ «እማማ እኮ ፎቶግራፈር ሆነዋል!» ተብሎ ተጨብጭቦልኛል።

የዚያን ሰሞን ሰበታ፣ ደረጀ ቤት ነበርኩ። ሚስቱ ጫልቱ የተፍኪ ልጅ ናት። ዝምተኛ ናት፣ ታታሪ ናት፣ እኔን እማዬ እያለች አንቱ ትለኛለች። ልጃቸው ሲፈን ያኔ አንድ ዓመት ከሁለት ወሯ ነው። ገና መሄድ ጀምራ ወዲያ ወዲህ ትንገዳገዳለች። በርጩማውንም የበሩንም ጠርዝ ትገጫለች። እኛ ደግሞ «ሰከረች» እያልን እንስቃለን። ሁልጊዜ የምትገጨው በግራ ጎኗ መሆኑን ማንም ልብ አላለም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። መብራት ጠፍቷል፣ ቤቱ ደብዘዝ ብሏል። ሲፈን አዲስ ቀሚስ ለብሳ አምራብኛለች። ለትዕግሥት ላሳያት ብዬ ፊት ለፊቷ ቁጭ አልኩና አነሣኋት። ፍላሹ ቦግ አለ። ግን እጄ ግማሹን ሸፍኖት ነው መሰለኝ፣ ፎቶው ጨለማ ሆኖ ወጣ።

ፀሐይዋን ተጫንኩ። መስቀሏን ተጫንኩ። ግድግዳው ፈካ፣ ቀሚሷ ፈካ፣ ፊቷ ወጣ። ቀኝ ዓይኗ ጥቁር ነው፣ መሐሉ ላይ ቀላ ያለች ነጥብ አለችበት። ግራ ዓይኗ ግን ነጭ ነው። የመኪና መብራት እንዳገኛት ድመት ያበራል።

አብዝቼው ነው ብዬ ሰረዟን ተጫንኩ። ቀሚሷ ጨለመ። ፊቷ ጨለመ። ግድግዳው ጠፋ። ዓይኑ አልጠፋም። ደግሜ ደጋግሜ ተጫንኩት። በመጨረሻ ልጅቷ እንዳለች ጠፍታ ያቺ ነጭ ነገር ጥቁሩ መሐል ብቻዋን ቀረች።

በስመ አብ አልኩ። ካሜራዋን ከእጄ ልጥላት ትንሽ ነው የቀረኝ።

ለደረጀ አሳየሁት። ሳቀብኝ። «ፍላሽ ነው እማዬ። እኔንም አንድ ጊዜ ሰይጣን አስመስለሽኝ የለ እንዴ?»

ጫልቱም መጥታ አየችው። «ካሜራዋ አርጅታለች መሰለኝ» አለች። «ያጥፉት እማዬ። ደስ አይልም።»

«ማጥፋት መች አውቄ?» አልኳት። እንዲሁ ቀረ።

በሁለተኛው ቀን ቡራዩ ወረድኩ። ትዕግሥት ሚሞሪዋን ከካሜራዋ አውጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካችና ፎቶውን በትልቁ ከፈተችው። እኔማ በትልቁ ሳየው ጭራሽ ደነገጥኩ።

«ይኼ ቀይ ዓይን የሚባለው ነው» አለች እየሳቀች። «ፍላሽ ሲመታው ነው።»

«ነጭ ነው እኮ ልጄ!»

«ያው ነው እማዬ። በቀን ስንቱን ነው የምሠራው!»

መጀመሪያ ብርሃኑን አስተካከለች፤ ብራይትነስ ትለዋለች። የእኔው ፀሐይ ነው፣ እሷ ዘንድ ሲሆን ስሙ ይለወጣል። ብርሃኑ ዓይኑን አላስተካክል ሲላት፣ ከቀኝ ዓይኗ ጥቁሩን ቀድታ ግራው ላይ ለጠፈችው። ጠቅ ጠቅ፣ አለቀ። ልጅቷ ሥዕል መሰለች። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ተገላገልኩ። «አትሚልኝ፣ በትልቁ አድርጊው፣ ለአባቷ እወስድለታለሁ» አልኩ።

ለካ ከኋላችን ሰው ቆሟል። ሉባባ ትባላለች፤ ከፎቶ ቤቱ ሁለት ሱቅ አልፎ ጨርቅ ትሸጣለች። ጉርድ ፎቶ ልትወስድ ነው የመጣችው። እኔ ያን ቀን ገና ማየቴ ነው።

«ትዕግሥት፣ መልሺው» አለች።

«ምኑን?»

«አሁን የሸፈንሽውን። የበፊቱን መልሺልኝ።»

ትዕግሥት መለሰችው። ሉባባ ጠጋ ብላ አየችው። እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ያ አላህ! የማን ልጅ ናት?»

«የወንድሜ ናት። ምነው? ፍላሽ እኮ ነው። ሥራዬን ልታስተምሪኝ ነው ሉባባ?»

«ፍላሽ ከሆነማ ለሁለቱም ዓይን ነው፣ አንዱን መርጦ አይመታም» አለችና ወደ እኔ ዞረች። «እናቴ፣ እስቲ በዚሁ ካሜራ እኔን ያንሡኝ።»

ፊቴ ቁጭ አለች። አነሣኋት። ሁለት ቀላ ያሉ ዓይኖች ወጡ። ትዕግሥትን አነሣኋት። ሁለት ደህና ዓይኖች። ትዕግሥት መሳቋን ተወች። ከዚያ በፊት ያነሣኋቸውን የሲፈንን ፎቶዎች አንድ በአንድ እየከፈተች ብርሃናቸውን ከፍ ታደርግ ጀመር። ብዙዎቹ ወደ ጎን ያየችባቸው ናቸው። አንዱ ላይ ግን ፊት ለፊት አይታለች። ግራ ዓይኗ ነጭ ነው። ሌላም አገኘች። ያም ግራው ነው።

ያኔ የፎቶ ተነሺዎቹ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

«ካሜራው ደህና ነው እናቴ» አለች ሉባባ ቀስ ብላ። «የእህቴ ልጅ እንዲህ ነበር። እኛ የድመት ዓይን እያልን አቆላምጠነዋል። ሐኪም ቤት ስንደርስ ዓይኑ አብጦ ነበር።»

«አሁን የት ነው ያለው?» አልኳት።

ሻሿን አጠባበቀች። ቀጥላ «ቤታቸው የት ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ሰበታ።»

«አሁኑኑ እንሂድ። ብቻዎን ቢነግሯቸው አያምኑዎትም።»

ሱቋን ዘጋች። በገበያ ሰዓት፣ ለማታውቃት ሴት፣ ላላየቻት ሕፃን ብላ። ሦስት ታክሲ ቀያየርን። መንገዱን ሁሉ እኔ አለቅሳለሁ፣ እሷ እጄን ይዛለች። አንዱ ተሳፋሪ «ለቅሶ ነው?» ብሎ ጠየቃት። «አይደለም፣ እንዳይሆን ነው የምንሮጠው» አለችው።

ስንደርስ ጫልቱ ግቢ ውስጥ ልብስ ታጥባለች። ደረጀ ከፋብሪካ ገብቷል። «አካም ጅርቱ» ብላ ገባች ሉባባ። ሰላምታው አላለቀም፣ ሲፈን ያለችበት ምንጣፍ ላይ ቁጭ አለች። ልጅቷ የድስት ክዳን እያንከባለለች ትጫወታለች።

ሉባባ በእጇ የልጅቷን ግራ ዓይን ሸፈነችው። ሲፈን ዝም። መጫወቷን ቀጠለች፤ የሸፈናትም ያለ አልመሰላት።

እጇን ወደ ቀኝ ዓይኗ አዛወረችው። ልጅቷ ጮኸች። ክዳኑን ጥላ በሁለት እጇ የሴትዮዋን እጅ ልታነሣ ታገለች።

ደገመችው። ግራው፣ ዝም። ቀኙ፣ ጩኸት።

ሦስተኛ ጊዜ አላስፈለገም። ደረጀ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። «አታይም» አለ። «በግራዋ አታይም። አብሬያት ስኖር!»

ጫልቱ ከነእርጥብ እጇ መጥታ ልጇን ነጠቀቻት። «ልጄ ምንም አልሆነችም! ሰው ቤት ገብቶ ሟርት ምንድነው?» እያለች ጮኸች። ያቺ ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ እንዲህ ትጮሃለች ብዬ አላስብም ነበር። እኔ በሉባባ ፊት አፈርኩ።

ሉባባ ግን አልተቆጣችም። «እህቴንም አንዲት ሴት መጥታ ነግራት ነበር» አለቻት። «ሟርተኛ ብላ አባረረቻት። እኔም አብሬ አባረርኳት። በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ።»

ጫልቱ ይኼን ስትሰማ ልጇን እንደታቀፈች መሬቱ ላይ ቁጭ አለች።

በነጋታው አዲስ አበባ፣ የዓይን ሐኪም ዘንድ ሄድን። ሐኪሟ ልጅ እግር ሴት ናት። ጠብታ አደረገችላት፣ በመብራት አየች፣ ሌላ ሐኪም ጠራች፣ እሱም አየ። ከዚያ አስቀመጡን።

ዓይኗ ውስጥ ዕጢ በቅሏል አሉን። ክፉው ዓይነት ነው። «ዓይኗን ካወጣነው ልጅቷ ትተርፋለች። ዓይኗን እናቆየው ካልን ልጅቷን ይዞብን ይሄዳል» አለች ሐኪሟ። እንዲህ ያለ ነገር በሰው ቋንቋ ይነገራል ብዬ አላውቅም። ዓይን አውጥቶ ሕፃን ማትረፍ! ሐኪሟ ስትናገር አፏ ሲንቀሳቀስ አያለሁ እንጂ አልሰማትም።

ቆይታ «በቤተሰብ እንዲህ ዓይነት የዓይን ሕመም ታይቶ ያውቃል?» ብላ ጠየቀች።

«የለም ዶክተር» አልኩ እኔ አፌን ሞልቼ። «በእኛም በእነሱም ወገን የለም።»

ወረቀቱ ለደረጀ ተሰጠው። እስክሪብቶውን ይዞ ቀረ። ይፈርማል ስል ይተዋል። ልጁን ያያል፣ እኔን ያያል። ያን ጊዜ ነው ጫልቱ ከትናንት ወዲህ አፏን የከፈተችው።

«ፈርም» አለችው። «ደረጀ፣ ፈርም። ቶሎ በል።»

ፈረመ።

ሲፈንን አንድ ዓይኗ በጨርቅ ተሸፍኖ ሲያወጧት እኔ ፊቴን አዞርኩ። አላፍርም፣ አልቻልኩም። ጫልቱ ግን ተቀብላ አቀፈቻትና የተሸፈነውን ቦታ ሳመችው። ሐኪሟ ዕጢው ከዓይኗ አልወጣም፣ በጊዜ ደርሳችኋል አለችን። ከጥቂት ወር በኋላ ብትመጡ ኖሮ ሌላ ነገር ነበር የምናወራው አለችን።

ሲፈን ዛሬ ሦስተኛ ክፍል ናት። ሰው ሠራሽ ዓይን አላት፤ ሰው አይለየውም። አዲስ ልጅ ሲመጣ «የቱ ነው የውሸቱ?» እያለች ትወራረዳለች፣ ሁልጊዜ እሷ ታሸንፋለች። ይኼን ተናገሪ ብለው ከወተወቱኝ መሐል አንደኛዋ እሷ ናት።

ሉባባ ዘመድ ሆናለች። ለዒድ ቡራዩ ሳልወርድ ብቀር ስልኩ ዕረፍት የለውም። ትዕግሥትም ከዚያ ወዲህ የሕፃን ዓይን በኮምፒውተር አትነካም። ነጭ ካየች ወላጁን ወደ ጥግ ትጠራለች።

እኔ ግን ዛሬም ሳስበው ይዘገንነኛል። ደስ ብሎኝ አትሚልኝ ያልኩት ያንን የተሸፈነውን ፎቶ ነው። ሰበታ ወስጄ ግድግዳ ላይ ልሰቅለው ነበር። ጥቁር ተቀብቶ ያማረ ዓይን። ልጅቷ ከሥሩ እየሄደችብን፣ እኛ እንግዳ በመጣ ቁጥር «እዩአት ስታምር» ልንል ነበር። ሌሊት ሳይሆን በጠራራ ፀሐይ፣ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ይኼ ትዝ ሲለኝ ይበርደኛል።

ይኸው ነው እንዳልል፣ ዓምና ያወቅኩት አንድ ነገር አለ። የምናገረው ጫልቱን አስፈቅጄ ነው።

ዓምና ጫልቱ ሁለተኛ ልጇን ወለደች፤ ናኦል ይባላል። በተወለደ በሰባተኛው ቀን አቅፋው ብድግ አለች። ወዴት ነው ስላት የዓይን ሐኪም ዘንድ አለችኝ። አራስ ናት፣ ቆሞ መሄዱም ገና አልጠናላት። ብቻዋን እንዳትሄድ ተከተልኳት። የናኦል ዓይን ደህና ነው፣ አትጨነቁ። እኔ የምላችሁ ተራ ስንጠብቅ አግዳሚው ላይ የሆነውን ነው።

«የሰባት ቀን ልጅ ይዘሽ የምትወጪው ማን አዞሽ ነው?» አልኳት።

«እማዬ፣ ታናሽ ወንድም ነበረኝ» አለችኝ። «በጀርባዬ አዝዬው ነው ያደገው። ምድጃ ዳር ሲሆን ዓይኑ ያበራ ነበር። በኋላ አበጠ። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሞተ።»

«ኩፍኝ ነው የገደለው ያላችሁን ልጅ?»

«እሱ። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ አባቴ ኩፍኝ በሉ አለን።»

ሽማግሌዎቹን ተፍኪ የላክኋቸው እኔ ነኝ። ሌላውን ከማውራታችሁ በፊት በዘራቸው ምን በሽታ እንዳለ አጣሩልኝ ያልኳቸውም እኔ ነኝ። የልጄ ነገር ነው ብዬ።

«የሲፈንን ዓይን ካሜራው ከማየቱ ሦስት ወር በፊት አይቼዋለሁ» አለች ጫልቱ። «በር ላይ ተቀምጬ ሳጠባት አበራ። ምን እንደሆነ ያኔውኑ አውቄዋለሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ ልጄ?»

«ፈራኋ።»

«ማንን?»

ናኦልን ወደ ደረቷ አስጠግታ አቀፈችው።

«እርስዎን» አለችኝ።